አዲሷ ኤሊ አልበላ ስትል

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። «ኤሊዬ ቤት ከገባች ጀምሮ ምግብ አልቀመሰችም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው።

አትደንግጡ። ቦታ የቀየረች ጤነኛ ኤሊ ለጥቂት ቀናት ላትበላ ትችላለች። አታገላብጧት፤ ፋታ ስጧት።

መጀመሪያ ሙቀቱን ለኩ። ኤሊ ሙቀት የምታገኘው ከአካባቢዋ ነው፤ ከበረዳት ምግብ አይፈጭላትም፣ ፍላጎቷም ይዘጋል። ጆሮዋ ላይ ቀይ መስመር ላላት የውኃ ኤሊ ውኃው ከ24 እስከ 27፣ ወጥታ የምትሞቅበት ደረቅ ቦታ ደግሞ ወደ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። የአልትራቫዮሌት ቢ መብራትም ያስፈልጋታል።

ምግቧን ውኃው ውስጥ ጣሉላት፤ የምትውጠው እዚያው ነው።

ዓይኗ ካበጠ፣ ከአፍንጫዋ አረፋ ከወጣ ወይም አዘንብላ ከዋኘች ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።

ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ጤነኛ የምትመስል ኤሊም ሳልሞኔላ ልታስተላልፍ ትችላለች።