አሮጌ ሸክላ እንዴት እንደገና ይታተማል?

እንደገና የታተመ ሸክላ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ሽፋኑን አይደለም። ሙዚቃው ካለቀ በኋላ፣ ከመሃሉ ወረቀት በፊት፣ ጠበብ ያለ ባዶ ቀለበት አለ። ሸክላውን መብራት ሥር አጋደል አድርጋችሁ ብታዩት እዚያ ላይ የተጫረ ቁጥርና ፊደል ታገኛላችሁ፤ የአሳታሚው መለያ ቁጥር፣ የገጹ ምልክት፣ አንዳንዴም ድምፁን ሸክላ ላይ የቀረጸው ባለሙያ ስም። የፓንክ ልጆች ለአድማጭ መልእክትም ይጭሩበታል። ሽፋን ማንም ማተሚያ ቤት አስመስሎ ያትመዋል። የትኛው እትም እንደሆነ የሚናገረው ይህ ጭረት ነው።

ጭሮ ተቀምጦ የፓንክና የሃርድኮር ዳግም እትም የሚሰበስብ ሰው ብዙ አይገኝም። ሸክላዎቹ የሚደርሱኝ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ፓንክ በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒውዮርክና በለንደን የተነሣ፣ ጊታሩ የሚጮህ፣ ዘፈኑ አጭር የሆነ የሮክ ዓይነት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ሃርድኮር ደግሞ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ይበልጥ ፈጥኖና ይበልጥ አጥሮ መጣ፤ ብዙው ዘፈን ሁለት ደቂቃ አይሞላም። የሚሰማው ሁሉ «ይሄ ጫጫታ ምኑ ይደመጣል?» ይለኛል። እኔን የማረከኝ ግን የአሠራሩ መንገድ ነው፤ መንገዱን ደግሞ ከአዲስ አበባም አውቀዋለሁ።

በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ሸክላ ነጋዴ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ። ያኔ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ አዋጁን እያወቀ ገባበት። ማተሚያ ፋብሪካ አገር ውስጥ ስላልነበረ ቅጂው ሕንድ ተልኮ ታትሞ መጣ። እስከ 1975 ድረስ አምሃ ሪከርድስ ከመቶ በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ትንንሽ ሸክላዎችንና ከአሥር በላይ ትልልቅ አልበሞችን አወጣ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ አምሃ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ገበያውን ካሴት ወረሰው። ዋሽንግተን ውስጥ ደግሞ በ1980 ገና ከትምህርት ቤት የወጡ ልጆች ዲስኮርድ የሚባል አሳታሚ አቋቁመው የመጀመሪያ ሸክላቸውን በ1000 ቅጂ አሳተሙ። ሽፋኑን በመቀስ ቆርጠው፣ አጥፈው፣ በሙጫ የለጠፉት ራሳቸው ናቸው። በሁለቱም ቦታ የማንም ፈቃድ አልተጠበቀም።

በትንሽ ቁጥር የታተመ ነገር ያልቃል፤ ያለቀ ነገር ይወደዳል። ዳግም እትም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዲስኮርድ የራሱን ሸክላዎች ራሱ እያሳተመ እስከ ዛሬ ይሸጣል። የኛን የሰበሰበው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው፤ የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» በ1986 ቤልጅየም ውስጥ እንዲታተም አደረገ፤ ቀጥሎም «ኤትዮፒክ» የሚባለውን ተከታታይ ሥራ ጀመረ።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከምን ተቀዳ? ከሁሉ የሚበልጠው ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳበት ዋናው ክር፣ ባለሙያዎቹ «ማስተር» የሚሉት ነው። ክር ግን ያረጃል። በተለይ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የተሠሩ አንዳንድ ክሮች ማጣበቂያቸው እርጥበት ስለሚስብ ይበላሻሉ፤ ማጫወቻው ላይ ተጣብቀው ቡናማ ዱቄት እየጣሉ ይቀራሉ። ባለሙያ በሃምሳ ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ያሞቃቸዋል፤ እርጥበቱ ሲወጣ ለጥቂት ጊዜ ይጫወታሉ፤ በዚያች ጊዜ ይገለበጣሉ። ማስተሩ ከጠፋ ንጹሕ ሸክላ ተፈልጎ ከዚያ ይቀዳል። ይህ ሲሆን ፍጥነቱን መለካት ግድ ነው። ማጫወቻው ትንሽ ቢፈጥን ድምፁ ይቀጥናል፤ ትንሽ ቢዘገይ ይወፍራል፤ ትዝታው ሌላ ሰው የዘፈነው ይመስላል። ጠንቃቃ ባለሙያ የድምፁ ከፍታ በቀላሉ በማይዛነፍ መሣሪያ፣ በፒያኖ ወይም በኦርጋን፣ እያመሳከረ ያስተካክላል። ከአሮጌው ሸክላ የሚሰማውን የጭረት ድምፅ ለማጥፋት ሲባል ሁሉን የሚያጥብ ባለሙያም አለ። እሱ ከጭረቱ ጋር የሳክስፎኑን ትንፋሽና የጸናጽሉን ጫፍ ይዞ ይሄዳል። እኔ ጭረቱን እመርጣለሁ።

አንዳንዴ ከሸክላም በፊት የነበረው ካሴት ብቻ ነው። ባድ ብሬንስ የሚባሉት ጥቁር ወጣቶች ከዋሽንግተን ተነሥተው ሃርድኮርን ከፈጠሩት ዋናዎቹ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያ አልበማቸው በ1982 የወጣው በካሴት ብቻ ነበር። ቢጫ ሽፋኑ ላይ መብረቅ የአሜሪካን ምክር ቤት ጉልላት ሲመታ ይታያል። ልጆቹ ራስተፈሪያውያን ናቸው፤ እኔ ያለሁባት ከተማም በድሮ ስሟ አሰበ ተፈሪ ናት፤ ሁለቱም ስማቸውን ያገኙት ከአንድ ሰው ነው። ያ ካሴት ዛሬ በሸክላ ይገኛል፤ በ2021 ቡድኑ በራሱ ስም በመሠረተው አሳታሚ በኩል ሸክላዎቹን እንደገና ማሳተም ጀምሯል።

በዚያው ዘመን፣ እዚያው ዋሽንግተን፣ የዋልያስ ባንድ አባል የነበረው ሙዚቀኛ ኃይሉ መርጊያ በአኮርዲዮን፣ በኪቦርድና በማሽን ከበሮ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ፤ 1985 ነው። በኋላ ታክሲ ነጂ ሆነ። ካሴቱን ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ አገኘው፤ ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለለት፤ በ2013 ሸክላ ሆኖ ወጣ። ሺምኮቪትዝ ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል የሚካፈል አሳታሚ ነው፤ ዲስኮርድም ከባንዶቹ ጋር ትርፍ ይካፈላል። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለቤቱ ሳያውቅ የሚታተም ሸክላ ሞልቷል፤ ድምፁ ቢያምርም እኔ አልገዛውም።

ድምፁ ከተዘጋጀ በኋላ ወደ ቁስ ይለወጣል። ላከር የሚባል ለስላሳ ሽፋን የተቀባ የአሉሚኒየም ሳሕን ማሽኑ ላይ ይዞራል፤ የጋለ መርፌ ከዳር ወደ መሃል አንድ ረጅም ጠመዝማዛ ቦይ ይቆፍራል። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ያለው ቦይ አንድ ብቻ ነው። የቦዩ ሁለት ግድግዳዎች በሰያፍ የቆሙ ናቸው፤ አንዱ የግራውን፣ ሌላው የቀኙን ድምፅ ይይዛል። ወፍራም ድምፅ መርፌውን በሰፊው ስለሚያወዛውዝ ቦታ ይበላል፤ ስለዚህ ሲቀረጽ ወፍራሙ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ እቤት ያለው ማጉያ መልሶ ያስተካክለዋል። ትልቁ ሸክላ በአንድ ገጽ ሃያ ደቂቃ ገደማ በደህና ይይዛል። ከዚያ በላይ ሲታጨቅ ድምፁ ይደክማል። ለዚህ ነው ጥሩ አሳታሚ ረጅም አልበምን በሁለት ሸክላ የሚያወጣው። ሃርድኮር በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ አጭር ስለሆነ ቦዩ እንደ ልቡ ይሰፋለታል።

ላከሩ በብር ይረጫል፤ ከዚያ በኤሌክትሪክ ኃይል ኒኬል ይለብሳል። ኒኬሉ ሲላቀቅ ቦዩ የነበረበት ሁሉ ጉብታ ሆኖ ይወጣል፤ ይህ «አባት» ይባላል። ከአባት «እናት»፣ ከእናት ደግሞ ማተሚያው ቅርጽ ይወጣል። ቅርጹ መጭመቂያ ማሽን ላይ ይታሠራል። የጋለ ፕላስቲክ ሙልሙል ዳቦ አክሎ በሁለት ቅርጾች መካከል ይገባል፤ ከላይና ከታች መሃል ላይ ወረቀቶቹ ይቀመጣሉ። ከመቶ ቶን በላይ ኃይል ይጫነዋል፤ እንፋሎት ያግለዋል፣ ውኃ ያቀዘቅዘዋል፤ በግማሽ ደቂቃ አካባቢ ሸክላ ሆኖ ይወጣል። የመሃሉ ወረቀት ሙጫ የለውም፤ የያዘው ያ ግፊትና ሙቀት ነው። ወረቀቱ አስቀድሞ በደንብ ካልደረቀ ውስጡ ያለው እርጥበት ተንፍቶ ስለሚያበላሸው፣ ፋብሪካዎች መጀመሪያ ምድጃ ውስጥ ያደርቁታል። አንድ ቅርጽ አንድ ሺህ ያህል ካተመ በኋላ እየደከመ ስለሚሄድ ይለወጣል። ሥራው ምን ያህል በጥቂቶች እጅ እንዳለ የታየው በየካቲት 2020 ነው፤ ካሊፎርኒያ ያለው አፖሎ የተባለ ፋብሪካ ሲቃጠል፣ ላከር በብዛት የሚሠራ ዓለም ላይ የቀረው አንድ የጃፓን ፋብሪካ ብቻ ነበር።

«ጫጫታ» ለሚለኝ ሰው የማስደምጠው አንድ ሸክላ አለ። ዘ ኤክስ በ1979 የተመሠረተ የሆላንድ ፓንክ ባንድ ነው። ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን የተጫወተው ጌታቸው መኩሪያ ሥራው በ«ኤትዮፒክ» 14ኛ ቅጽ እንደገና ከወጣ በኋላ፣ በ2004 ለባንዱ 25ኛ ዓመት በዓል ወደ ሆላንድ ተጋበዘ። አብረን አልበም እንሥራ ያለው እሱ ነው፤ በ2006 «ሞዓ አንበሳ» ወጣ። ጊታሮቹ ይፋጫሉ፣ ከበሮው ይደበድባል፣ ሳክስፎኑ በላዩ ያቅራራል። ቀረርቶ ሰምቶ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም።

የሐረርጌ ሙዚቃም ይህን መንገድ ጀምሯል፤ የአሊ ቢራ ሥራዎች በ2013 የ«ኤትዮፒክ» 28ኛ ቅጽ ሆነዋል። ማስተሩ ለጠፋ ዘፈን ግን ተስፋው የቤት ሣጥን ነው። ጭሮ፣ ሂርና፣ ገለምሶ፣ በዴሳ ላይ ከአባት የተረፈ ሸክላ ያለው ሰው ካለ አስተኝቶ አይደራርበው፤ እንደ መጽሐፍ ይቁም። ወደ ሚኤሶ ቆላ ሲወርዱም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው አይገባም፤ ፕላስቲኩ ይጎብጣል፣ የጎበጠም በቀላሉ አይቀናም። አቧራው በተጣራ ውኃ በራሰ ለስላሳ ጨርቅ ቦዩን ተከትሎ ይጠረጋል። ከባድና ሲወድቅ እንደ ሳሕን የሚሰበር፣ ወረቀቱ ላይ 78 የሚል ሸክላ ከተገኘ አልኮል በጭራሽ አይንካው፤ የተሠራበት ሙጫ ይሟሟል። ላሳትመው የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ ሸክላውን አታበድሩ። ማጫወቻውን ይዞ እናንተ ዘንድ ይምጣ፤ ከመቅዳቱ በፊትም የዘፋኙ ወይም የወራሾቹ ፈቃድና ድርሻ የተጻፈበትን ውል ያሳያችሁ።