ተወቅጦ የመጣ መድኃኒት የማን ነው?

የባህል መድኃኒት ከነቅጠሉና ከነአበባው ሲመጣልኝ ሥራዬ ይቀላል። ጤና አዳም በመዓዛው፣ ዳማከሴም በቅጠሉ ይታወቃል። ተወቅጦ በፌስታል ሲመጣ ግን ዓይንም አፍንጫም እምብዛም አይረዱም። የመድኃኒት ዕፅዋት በሚመረመሩበት ቤተ ሙከራ ስሠራ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይኸው ዱቄት ነው፤ እዚህ ላይ የሚፈጠር ስሕተት ሰው ይጎዳልና።

የደረሰውን ጉዳት ለማየት ቤልጅየምን መጥቀስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ ክብደት ለመቀነስ ሲታከሙ የነበሩ ሴቶች ኩላሊታቸው ሥራ እያቆመ ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። በሚወስዱት መድኃኒት ውስጥ መኖር የነበረበት ስቴፋኒያ ቴትራንድራ የተባለው የቻይና ተክል ሥር ነበር። የገባው ግን አሪስቶሎኪያ ፋንግቺ ነው። የሁለቱም የገበያ ስም “ፋንግ ጂ” ስለሆነ አንዱ በሌላው ተተካ። አሪስቶሎኪያ የያዘው አሲድ ኩላሊት ያጠፋል፤ ካንሰርም ያመጣል። ከ100 በላይ ሰዎች ተጎዱ። ከእነሱም ብዙዎቹ የኩላሊት እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ አስፈለጋቸው።

እንዲህ ያለውን መቀያየር ለመያዝ ዛሬ ከምንጠቀምባቸው መንገዶች አንዱ ክሎሮፕላስት ነው። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው፣ በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚያዘጋጀው የሕዋስ ክፍል ማለት ነው። ክሎሮፕላስት በሕዋሱ እምብርት (በኒውክለሱ) ካለው የተለየ፣ የራሱ የሆነ ዲኤንኤ አለው። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 የትምባሆን የክሎሮፕላስት ጂኖም፣ ማለትም የክሎሮፕላስቱን ሙሉ ዲኤንኤ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበቡ፤ ርዝመቱ 156 ሺህ ፊደላት ገደማ ነው። የቡናችንም፣ የኮሶም የክሎሮፕላስት ጂኖም ተነቦ ታትሟል፤ ሁለቱም 155 ሺህ አካባቢ ናቸው። በርዝመትና በአደራደር ይቀራረባሉ፤ ልዩነቱ ያለው በየመሐሉ በሚገኙት ፊደላት ላይ ነው።

ለደረቀ ቅጠል ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። የኒውክለሱ ዲኤንኤ በብዙዎቹ ዕፅዋት በአንድ ሕዋስ ሁለት ቅጂ ብቻ ሲሆን የክሎሮፕላስቱ ግን ከመቶዎች እስከ ሺዎች ይደርሳል። ፀሐይና ጊዜ ብዙውን ቢሰባብሩትም የሚነበብ ይተርፋል። “ሥርስ? አረንጓዴ አይደለም እኮ” የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ነገር ግን በሥር ውስጥም ቀለም የሌላቸው የክሎሮፕላስት ዘመዶች አሉ፤ የያዙትም ያንኑ ጂኖም ነው። ቅጂው ስለሚያንስ ብቻ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ2009 ሳይንቲስቶች ከክሎሮፕላስት ጂኖም ሁለት አጫጭር ክፍሎችን መርጠው የዕፅዋት ባርኮድ (የዝርያ መለያ) እንዲሆኑ ተስማሙ። ስቴፋኒያን ከአሪስቶሎኪያ ለመለየት እነሱ ይበቃሉ። እንደ ጦስኝ ያለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጦስኝ ብለን የምንጠራቸው ሁለት የቅርብ ዘመዳሞች አሉ፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም አይበቅሉም። እንዲህ ባሉት ላይ አጭሩ ክፍል ብዙ ጊዜ ስለማይበቃ ሙሉውን ጂኖም ማንበቡ ይሻላል።

ኮሶን በቅርበት እንየው። ዱቄቱን ጨው በበዛበት ፈሳሽ አሙቀን፣ በክሎሮፎርም አጣርተን፣ ቀዝቃዛ አልኮል እንጨምርበታለን። ከለጋ ቅጠል የሚወጣው ዲኤንኤ ነጭ ክር መስሎ ይታያል። የኮሶው ግን ታኒን ስለሚበዛበት ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ካልታጠበም ቀጣዩን ምርመራ ያበላሻል። ከታጠበ በኋላ ተነቦ ከሌሎች ጂኖሞች ጋር ሲተያይ ኮሶ መሆኑ በግልጽ ይለያል፤ በወገኑ ውስጥ ብቸኛው ዝርያ ነውና።

ይሁንና መርካቶ ኮሶ የሸጡልኝ እናት “ቀላ ያለው የሴቷ ነው፣ ልጄ። ትል የሚያወጣው እሱ ነው፤ የወንዱን አትንኪው” ብለውኛል። የኮሶ ዛፍ ሴትና ወንዱ ለየብቻ ነው፤ ለመድኃኒትነት ከጥንት የሚመረጠውም የሴቷ አበባ ነው። የክሎሮፕላስት ጂኖም ዝርያውን ይነግረናል እንጂ ጾታውን አይነግረንም። እሳቸው ሳይወቀጥ በዓይናቸው የለዩትን እኛ ከዱቄቱ በዚህ መንገድ አናገኘውም። መጠኑ ይብዛ ይነስ፣ ቆይቶ ኃይሉን ይጣ አይጣ የሚለውም የኬሚስትሪ ምርመራ ይጠይቃል። ተቀቅሎ የተጣራ ከሆነ ደግሞ ዲኤንኤው ራሱ ላይተርፍ ይችላል። ክሎሮፕላስት በአብዛኞቹ አበባማ ዕፅዋት ከእናት ብቻ ስለሚወረስ፣ ከሁለት ዝርያ የተዳቀለ ተክል ቢመጣም የአባቱን ወገን አያሳየንም።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የማወዳደሪያው ጉዳይ ነው። ኮምፒውተሩ ያነበብነውን የሚያስተያየው ቀድሞ ከተመዘገበ ጂኖም ጋር ነው። መጀመሪያ ያስመዘገበው ሰው ተክሉን በስሕተት ከሰየመው እኛም ስሕተቱን እንደ እውነት እንጽፈዋለን። ስለዚህ ጂኖሙ የተነበበለት ተክል ከነአበባው ተጭኖና ደርቆ፣ የተለቀመበት ቦታና ቀን ተጽፎበት፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማኅደር) ባለ ስፍራ መቀመጥ አለበት። ገንዘቡን ሁሉ ለማንበቢያ መሣሪያ ማዋል አይበቃም፤ ከለቃሚዎቹና ከሻጮቹ ጋር ተክሉ እስከበቀለበት ቦታ ድረስ የሚሄድ የዕፅዋት ባለሙያም ያስፈልገናል። ዱቄት ለማስመርመር የሚመጣም ሰው፣ ከተቻለው ከዚያው ተክል አበባ ያለባት አንዲት ቅርንጫፍ ጋዜጣ መሐል አድርቆ ቢያመጣልን ሥራችን በእጅጉ ይታገዛል።