የኢንተርኔት መስመር በመሣሪያ ትእዛዝ ስለ መግባቱ

ነጋዴው ለመደብሩ ኢንተርኔት እንዲገባለት ሲያመለክት ማመልከቻው አንድ ይሁን እንጂ መንገዱ ሦስት ዓይነት ነው፤ ይኸውም በስልኩ የመዳብ ሽቦ፣ በፋይበር ወይም ያለ ሽቦ በሞባይል ማማ በኩል ነው። በመዳቡ ርቀት በጨመረ ቁጥር ፍጥነት ይደክማል፤ ከማዕከሉ 5 ኪሎ ሜትር ያህል የራቀ መደብር እምብዛም አይጠቀምበትም። በፋይበር አንዱ ክር ብዙ ጊዜ ለ32 ወይም ለ64 ደንበኞች ስለሚከፋፈል የእያንዳንዱ ቤት መሣሪያ በመለያ ቁጥሩ ይመዘገባል። በሞባይሉ መታወቂያው ሲም ካርድ ነው።

ዛሬ የቴሌኮም ድርጅቶች ይህን ሥራ ዎርክፍሎው ለተባለው፣ በኮምፒዩተር ለተጻፈ የሥራ ቅደም ተከተል ይሰጡታል። አድራሻ ማጣራት፣ ክፍት ቦታ መያዝ፣ መፈተን፣ ሒሳብ ማስጀመር ለሦስቱም አንድ ነው። መሣሪያውን የሚያዘው ክፍል ብቻ ለየመንገዱ ይለያያል፤ ስለዚህ መዳቡ በፋይበር ሲተካ የሚለወጠው ይኸው ክፍል ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሥራው መካከል ላይ ሲሰናከል ነው። ያን ጊዜ የተፈጸመው ሁሉ ከኋላ ወደ ፊት መፍረስ አለበት። ካልፈረሰ የተያዘው ቦታ በመዝገብ እንደ ተያዘ ይቀርና ጎረቤቱ ነጋዴ ሲያመለክት፣ ክፍት ቦታ እያለ፣ «የለም» ይባላል። መጋዘን የጠበቀ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መዝገቡ ሌላ፣ ዕቃው ሌላ!

ስለ ሆነም ነጋዴው ሲዋዋል ሒሳቡ የሚቆጠረው ከፊርማው ቀን ነው ወይስ መስመሩ ተፈትኖ ከሠራበት ቀን ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በውሉ ላይ ያስጽፍ።