የሠራተኛ ችሎታ በመስመር ብዛት ይለካልን?

ሸማኔ የሚከፈለው በክንድ ብቻ ቢሆን ምን የሚያደርግ ይመስልዎታል? ድሩን እያሳሳ ጨርቁን ያስረዝማል። ከፋዩ ርዝመቱን አይቶ ይደሰታል፤ ለባሹን ግን ብርድ ይመታዋል።

የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚያሰናዱ ድርጅቶችም እንዲህ ያለ ችግር ደርሶባቸዋል። ፕሮግራም ማለት ለኮምፒዩተር በየመስመሩ ተጽፎ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። ሥራው በሚዛን ስለማይመዘን፣ ብዙ አለቆች የቀለላቸውን መለኪያ ያዙ፤ ይኸውም የመስመሮቹን ብዛት መቁጠር ነው።

የዚህን መለኪያ ጉድለት የሚገልጽ አንድ ታሪክ እነሆ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982፣ አፕል በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ሊዛ» የተባለውን ኮምፒዩተር የሚሠሩ ሰዎች በየሳምንቱ የጻፉትን የመስመር ብዛት በቅጽ ሞልተው እንዲያቀርቡ ታዘዙ። ከእነርሱ አንዱ ቢል አትኪንሰን ነበር። እርሱም በስክሪኑ ላይ ሥዕል ከሚያወጣው ፕሮግራም አንዱን ክፍል እንደ ገና አስቦ ቢጽፈው፣ ፍጥነቱ 6 ጊዜ ያኽል ጨመረ፤ ርዝመቱ ግን 2,000 መስመር ያኽል ቀነሰ። በቅጹም ላይ «-2,000» ብሎ ጻፈ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አለቆቹ ቅጹን እንዲሞላ መጠየቃቸውን ተዉ።

እንዲህ ሲባል ግን ሥራው ያለ ደንብ ይካሄድ ማለት አይደለም። በ1986 ወደ ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የገባው ዋትስ ሃምፍሪ የጀመረው ጥናት፣ የድርጅቶችን አሠራር በ5 ደረጃ የሚከፍል መመዘኛ አስገኝቷል። በ1ኛው ደረጃ ያለ ድርጅት ሥራው የሚሳካለት በጥቂት ሰዎች ብርታት ነው፤ 5ኛው ላይ የደረሰው ግን አሠራሩን እየለካ ዘወትር ያሻሽላል። ልብ ይበሉ፦ እዚህ የሚመዘነው የድርጅቱ አሠራር እንጂ የአንዱ ሠራተኛ ችሎታ አይደለም።

ታዲያ ሠራተኛው በምን ይመዘን? በእውነተኛው ሥራ ነው። የጻፈውን ባልደረቦቹ ያንብቡት፤ ስሕተቱ ይታረም፤ እርሱ በሌለበት ቀን ሌላው ሰው ተረድቶ ሊቀጥልበት ይችል እንደሆነ ይታይ። ይህ ከመቁጠር ይልቅ ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል።

ነገር ግን በዚህ ሚዛን ላይ የሚቀመጠው የሰው እንጀራ ነው። እርስዎም አለቃ ከሆኑ፣ ደመወዝ ከመጨመርዎ ወይም ሰው ከማሰናበትዎ በፊት፣ በእጅዎ የያዙትን መለኪያ አስቀድመው ይመርምሩት።