ፍሬኑ ከቸርኬ ወደ ሞዞ ሲዛወር
የዲስክ ፍሬን ብስክሌት መንኮራኩር አመራረጥ ከፊዚክስ አንጻር

ባለፈው መንፈቀ ዓመት መገባደጃ ላይ አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሁለት ወረቀቶች ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። ወረቀቶቹ የብስክሌት ዕቃ ዝርዝሮች ነበሩ። ተማሪው ዲስክ ፍሬን ያለው የአስፋልት ብስክሌት አለው፤ በየሳምንቱ መጨረሻ እንጦጦ ወጥቶ ይወርዳል። ከፋብሪካ የመጡት መንኮራኩሮች ስላረጁበት ቸርኬ፣ ሞዞና ስፖክ ለየብቻ መርጦ አዲስ ጥንድ ሊያሠራ አስቧል። «ዶክተር፣ ዕቃውን አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ ነው የሚያመጣልኝ፤ ከተሳሳትኩ የምለውጥበት ገንዘብም ዕድልም የለኝም» አለኝ።

በመጀመሪያው ዝርዝር እያንዳንዱ 330 ግራም የሚመዝን የካርቦን ቸርኬ፣ ክንፉ ጠባብ የሆነ ቀላል ሞዞና በየመንኮራኩሩ 20 ስፖክ ሰፍሯል። የፊተኛው ስፖክም በአንድ የቆየ የውድድር ፎቶግራፍ ላይ እንዳየው ሳይጠላለፍ፣ እንደ ፀሐይ ጨረር ቀጥ ብሎ እንዲሠራለት ምልክት አድርጎበታል። በሁለተኛው ዝርዝር 455 ግራም የሚመዝን የአሉሚኒየም ቸርኬ፣ ክንፉ ሰፋ ያለ ሞዞና 24 ተጠላላፊ ስፖክ አለ፤ ዋጋው የመጀመሪያውን ሲሶ አይሞላም። የተማሪው ልብ ያዘነበለው ወደ መጀመሪያው ነበር። መልሱን በሰሌዳ ላይ ያሳየሁት በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ስለሆነ ለአንባቢያንም በዚያው ቅደም ተከተል አቀርበዋለሁ።

በቅድሚያ ስለ አካላቱ ጥቂት እንበል። ጎማው የሚያርፍበት የውጭ ቀለበት ቸርኬ ሲባል፣ በመሐል ዘንግ ዙሪያ የሚሽከረከረው ደግሞ ሞዞ ይባላል። ሞዞው ግራና ቀኝ ሁለት ክብ ክንፎች አሉት። ስፖክ የሚባሉት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ከእነዚህ ክንፎች ተነሥተው ቸርኬውን ወጥረው ይይዛሉ። በሚገባ በተሠራ መንኮራኩር ላይ የአንድ ስፖክ ውጥረት ከ1,000 እስከ 1,200 ኒውተን ሊደርስ ይችላል፤ ይህም 100 ኪሎ ግራም ያህል ዕቃ እንደ ማንጠልጠል ነው።

ሙቀቱ የት ይሄዳል?

ብስክሌቱና ነጂው በአንድነት 85 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል። ከእንጦጦ ተነሥቶ 500 ሜትር ያህል ከፍታ የሚወርድ ሰው 85 × 9.8 × 500፣ ማለትም 416 ኪሎ ጁል ያህል የከፍታ ኢነርጂ ያጣል። ይህ በአዲስ አበባ ከአንድ ሊትር የሚበልጥ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። በፍጥነት የሚወርድ ሰው ከዚህ ኢነርጂ ብዙውን ለአየር ያስረክባል። መኪና በተጨናነቀበት መንገድ ቀስ ብሎ የሚወርድ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ለፍሬኑ ያሸክማል።

በቀድሞው አሠራር የፍሬኑ ላስቲክ በቀጥታ ቸርኬውን ይጨብጠው ነበር። 450 ግራም አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሞቅ 400 ጁል ያህል ስለሚፈልግ ቸርኬ ጥሩ የሙቀት ማጠራቀሚያ ነበር። ይሁን እንጂ ሙቀቱ ከጎማውና ከካላማዳሪው ጎን ይከማቻል፤ የካርቦን ቸርኬ ከሆነም ጭረቶቹን ያጣበቀውን ሙጫ ሊያለሰልስ ይችላል። ከዚህም ሌላ ዝናብና አሸዋ ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይፍቁታል። እኔም በውጭ አገር የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ ለዓመታት የተፋቀው የኋላ ቸርኬዬ ግድግዳው ሳስቶ አንድ ማለዳ ተሰንጥቆ ፈነዳ። መንገዱ ሜዳ ስለነበር ከጉልበት መላላጥ በቀር ጉዳት አልደረሰብኝም፤ ቁልቁለት ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ጽሑፍ መጻፌን እጠራጠራለሁ።

ዲስክ ፍሬን ይህን ሁሉ ከቸርኬው አንሥቶ በሞዞው ላይ ወደታሰረ የብረት ዲስክ ያዛውረዋል። ሆኖም ዲስኩ ቀላል ነው። ክብደቱ 120 ግራም ቢሆን በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ የሚፈልገው 60 ጁል ብቻ ነው፤ ከቸርኬው ሰባት እጥፍ ያህል ያነሰ ማለት ነው። 400 ኪሎ ጁል ሙቀት በሁለት ዲስኮች ተጠራቅሞ ቢቀር ኖሮ ከ3,000 ዲግሪ በላይ ይደርሱ፣ ማለትም ይቀልጡ ነበር። የማይቀልጡት ሙቀቱን ወዲያው ወዲያው ለነፋሱ ስለሚያስረክቡ ነው። በመሆኑም ክብደት ያለው ወይም ረጅም ቁልቁለት የሚወርድ ሰው 140 ሚሊ ሜትር ከሆነው ዲስክ ይልቅ 160 ሚሊ ሜትር የሆነውን እንዲመርጥ ይመከራል።

ይህ ፍሬን በውድድር ዓለም ተቀባይነት ያገኘው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ሙከራ ፈቀደ፣ በኤፕሪል 2016 አቋረጠው፣ በ2017 እንደገና አስጀመረው፤ ሙሉ ፈቃድ የሰጠው ግን በ2018 ነው። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ተወዳዳሪዎቹ ገና በቸርኬ ፍሬን የሚወዳደሩበት ጊዜ ነበር። ተማሪዬ ያየው ፎቶግራፍም የዚያ ዘመን ነው።

ጉልበቱ በማን በኩል ያልፋል?

የጽሑፉ ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በድንገት ፍሬን ይዞ በ7 ሜትር ውስጥ ቆመ እንበል። የፍጥነቱ ቅናሽ በየሰከንዱ 5 ሜትር በሰከንድ ያህል ስለሆነ መንገዱ ጎማውን ወደኋላ የሚገፋበት ጉልበት 85 × 5 = 425 ኒውተን ነው። በብርቱ ፍሬን ጊዜ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚዞር ከሞላ ጎደል ሁሉንም የፊተኛው መንኮራኩር ይቀበለዋል። የመንኮራኩሩ ራዲየስ 0.34 ሜትር ሲሆን ቶርኩ፣ ማለትም ጠምዛዡ ውጤት፣ 145 ኒውተን ሜትር ያህል ይሆናል።

ፍሬኑ ቸርኬውን በሚይዝበት ጊዜ ይህ ቶርክ እዚያው ቸርኬው ላይ ይወለዳል፣ እዚያው ይሞታል፤ ስፖኮቹ አያውቁትም። በዲስክ ፍሬን ግን ቶርኩ የሚፈጠረው ሞዞው ላይ ሲሆን መንገዱ የሚገፋው ጎማውን ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ስፖክ ብቻ ነው። ስለዚህ 145 ኒውተን ሜትር በሙሉ በስፖኮቹ በኩል ያልፋል።

የእያንዳንዱ ስፖክ ድርሻ ስንት ነው? የሁለተኛው ዝርዝር የሞዞ ክንፍ የቀዳዳዎቹ ክብ 45 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር አለው። እያንዳንዱ ስፖክ ሁለት ጊዜ ሌሎችን እያቋረጠ ሲተከል ከሞዞው መሐል ያለው የማዞሪያ ክንድ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። 145ን ለ24 × 0.02 ስናካፍል 300 ኒውተን እናገኛለን። ይህም ማለት ፍሬን በተያዘ ቁጥር የግማሾቹ ስፖኮች ውጥረት በ300 ኒውተን ይጨምራል፣ የግማሾቹ ደግሞ በዚያው ልክ ይቀንሳል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ዝርዝር እንመለስ። 20 ስፖክና 38 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ክንፍ ቢሆን፣ ስፖኮቹ ቢጠላለፉ እንኳ የእያንዳንዱ ድርሻ ወደ 400 ኒውተን ያድጋል። እንደ ጨረር ቀጥ ብለው ቢተከሉ ደግሞ የማዞሪያ ክንዱ ዜሮ ነው፤ በዜሮ ክንድ ቶርክ ማስተላለፍ አይቻልም። ሞዞው ከቸርኬው አንጻር ተጠምዝዞ ስፖኮቹን እስኪያጋድላቸው ድረስ መንኮራኩሩ ምንም አይቋቋምም፤ ከዚያም በኋላ የስፖኮቹ ውጥረት እጅግ ይንራል። የዲስክ ፍሬን መንኮራኩር ስፖክ መጠላለፍ የሚኖርበት ስለዚህ ነው።

ሞዞ ሲመረጥ

ዲስኩ በሞዞው ግራ በኩል ስለሚታሰር የግራውን ክንፍ ወደ መሐል ይገፋዋል። በፊተኛው ሞዞ ላይ የግራው ክንፍ ከመሐል መስመር 22፣ የቀኙ 34 ሚሊ ሜትር ይርቃሉ እንበል። ቸርኬው መሐል ላይ እንዲቆም የሁለቱ ወገን የጎን ስበት እኩል መሆን አለበት፤ ስለዚህ ግራው 1,100 ኒውተን ሲወጠር ቀኙ ሊወጠር የሚችለው 710 ኒውተን ያህል ብቻ ነው። ከ710 ላይ 300 ሲቀነስ የተወሰነ ይተርፋል። 400 ሲቀነስና ከዚያ ላይ የነጂው ክብደት የታችኞቹን ስፖኮች ሲያላላ ግን ውጥረቱ እጅግ ያንሳል። እየላላና እየተወጠረ የሚኖር ስፖክ ደግሞ እንደ ሽቦ ታጥፎ ታጥፎ ይበጠሳል። እንግዲህ የክንፎቹ ስፋትና ርቀት ከሞዞው ቀለም ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ነው።

ሌሎቹ ጥያቄዎች የመግጠም ጉዳይ ናቸው። የዛሬዎቹ ዲስክ ፍሬን የአስፋልት ብስክሌቶች አብዛኛውን ጊዜ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያልፍ ዘንግ ይጠቀማሉ፤ የሞዞው ስፋት ከፊት 100፣ ከኋላ 142 ሚሊ ሜትር ነው። ቀደም ያሉት ግን በቀጭን ዘንግና በመያዣ ምላስ ይታሰራሉ። ዲስኩ በስድስት ብሎን ወይም በመሐል በሚጠብቅ አንድ ቀለበት ይታሰራል፤ ሞዞና ዲስክ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። የኋላው ሞዞ ጥርሶቹን የሚሸከምበት ክፍልም ከብስክሌቱ ጥርስ ጋር መስማማት ይኖርበታል። ኩሽኔታው በአገር ውስጥ የሚገኝ የተለመደ ቁጥር ቢሆን ይመረጣል።

ቸርኬ ሲመረጥ

ቸርኬው ከፍሬን ሥራ ነጻ ስለወጣ ግድግዳው አይፋቅም፤ ሙቀት አያገኘውም፤ ቅርጹም እንደ ልብ ይሠራል። የካርቦን ቸርኬ ትልቁ ድክመት በዚህ መልክ ስለተወገደ ካርቦንን በጅምላ ማውገዝ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ጉድጓድ ሲመታ አሉሚኒየም ብዙውን ጊዜ ይጎረብጣል፣ ጉዳቱም በዓይን ይታያል፤ ካርቦን ግን ሊሰነጠቅና ስንጥቁ ሊደበቅ ይችላል።

የውስጥ ስፋቱ ከ19 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን ከ28 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ጎማ በሚገባ ይሸከማል። ሰፊ ጎማ በአነስተኛ ግፊት ስለሚነፋ ለጉድጓድ መንገድ ይስማማል። የጎማውን ጠርዝ የሚይዝ መንጠቆ የሌለው ቸርኬ ሲሆን ከ5 ባር በላይ እንዲነፋ አይፈቀድም፤ ጎማውም ለእርሱ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት።

የስፖክ ቀዳዳዎቹ ከመሐል ወደ ጎን ፈቀቅ ያሉበት ቸርኬ የውጥረቱን መበላለጥ ያቃልላል። በኋላው ሞዞ ክንፎቹ 18 እና 35 ሚሊ ሜትር ቢርቁ ደካማው ወገን የጠንካራውን 51 በመቶ ብቻ ይወጠራል። ቀዳዳዎቹ 3 ሚሊ ሜትር ፈቀቅ ቢሉ ርቀቶቹ 21 እና 32 ስለሚሆኑ ወደ 66 በመቶ ያድጋል።

የ250 ግራሙ ነገር

ተማሪዬን የማረከው የመጀመሪያው ጥንድ ቸርኬ በ250 ግራም መቅለሉ ነበር። በቸርኬ ላይ ያለ ክብደት ወደፊት ከመሄዱ በተጨማሪ ስለሚሽከረከር ፍጥነት በሚጨመርበት ጊዜ ሁለት እጥፍ ይቆጠራል፤ ስለዚህ 250 ግራሙ እንደ 500 ግራም ነው። ከ85 ኪሎ ግራም ጋር ሲነጻጸር 0.6 በመቶ መሆኑ ነው። በእኩል ፍጥነት ዳገት ሲወጣ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራል፤ አንድ ሰዓት በሚፈጅ ዳገት ላይ የሚያተርፈው ወደ 10 ሰከንድ ነው። ለባለሙያ ተወዳዳሪ 10 ሰከንድ ሜዳልያ ሊሆን ይችላል። ለጤናው ለሚነዳ ተማሪ ግን ከመነሣቱ በፊት የሚጠጣው አንድ ብርጭቆ ውኃ ያንኑ ያህል ይመዝናል።

ተማሪው ሰሌዳውን ጥቂት ከተመለከተ በኋላ «እንግዲያው ቀላልነት የምገዛው ከስፖኩ ጥንካሬ ላይ ቀንሼ ነው ማለት ነው» አለ። ሁለተኛውን ዝርዝር ያዘ፤ ለኋላው መንኮራኩርም ስፖኩን 28 አደረገው። የስፖኩን ርዝመት በኮሳይን ሕግ እንዲያሰላ የቤት ሥራ ሰጠሁት። ከሞዞው መሐል እስከ ስፖኩ ጫፍ 290 ሚሊ ሜትር፣ የክንፉ ራዲየስ 22.5፣ የክንፉ ርቀት 30፣ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 60 ዲግሪ ቢሆን መልሱ 280 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንባቢያንም ሞክሩት።

በመጨረሻም ቁልቁለት የምትወርዱ ሁሉ ከመነሣታችሁ በፊት መንኮራኩሩን በእጃችሁ ፈትሹት። ጎረቤታሞች ስፖኮችን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ጨብጡ፤ የላላ ካለ አስጠብቁ። የቸርኬውን ቀዳዳዎች ስንጥቅ፣ የዲስኩን ማሰሪያ ጥብቀት ተመልከቱ። ፍሬኑን ስትይዙ ሕይወታችሁን የያዙት እነዚያ ቀጫጭን ዘንጎች ናቸው።