የከተማ መብራትና የማኅበር ኃይል

በኢትዮጵያ ምድር የኤሌክትሪክ ብርሃን መጀመሪያ የታየው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1890 ዓ.ም. ገደማ፣ በቤተ መንግሥቱ ግቢ በተተከለ ሞተር ነው፤ ከግቢው ወጥቶ ወደ ነጋዴው ሱቅና ወደ ወፍጮ ቤቱ ለመድረስ ግን ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። ጣሊያን ትቷቸው የሄዳቸውን ማመንጫዎች መንግሥት በጠላት ንብረትነት ይዞ ከቆየ በኋላ፣ በ1940 ዓ.ም. ለአንድ ድርጅት አስረከበ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በቻርተር ተቋቋመ። ሕዝቡም ይህን ረጅም ስም አሳጥሮ «መብራት ኃይል» አለው፤ በ1989 ኮርፖሬሽን ቢባል፣ በ2006 ማመንጨቱና ማከፋፈሉ ለሁለት ድርጅቶች ቢከፈልም፣ ሰው እስከ ዛሬ የሚያውቀው በዚሁ ስም ነው።

ባለሥልጣኑ ባልደረሰባቸው ከተሞች መብራት የሰፈር ጉዳይ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ፣ ወይም ወፍጮ ያለው አንድ ባለጸጋ፣ በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ተክሎ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ወይም 5 ሰዓት ያበራል፤ በብዙ ስፍራ ሒሳቡ በቆጣሪ ሳይሆን በአምፑል ቁጥር ይታሰባል። ሞተረኛው ሊያጠፋ ሲል አንድ ሁለቴ ብልጭ ድርግም አድርጎ ያስጠነቅቃል፤ ያን ጊዜ የቤት እመቤት ኩራዟን ትለኩሳለች፣ ተማሪው የጀመረውን ገጽ ለመጨረስ ይጣደፋል፣ ጠላ ቤት ያመሸውም ሒሳቡን ከፍሎ ይነሣል። ብርሃኑ ደካማ፣ ናፍጣውም ውድ ነበረ፤ ነገር ግን ባለቤቱ በስም የሚታወቅ፣ ደጁም በእግር የሚደረስበት ስለ ነበር፣ የተከፋ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። መንግሥት በ1967 ዓ.ም. የግል ድርጅቶችን ከወረሰ በኋላ የግል አቅራቢነት ቀርቶ የአገሪቱ መብራት በአንድ እጅ ተጠቃለለ።

መብራት በአገር አቀፍ ድርጅት መያዙ ያለ ፍሬ አልቀረም፤ እንደ አባይ ያለውን ወንዝ ለመግራት የአንዲት ከተማ ማዘጋጃ ቤት አቅም ከቶ አይበቃምና። በ1956 ዓ.ም. የጢስ አባይ ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ኃይሉ ለባሕር ዳርና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ዋለ፤ በ1993 ሁለተኛው ጢስ አባይ 73 ሜጋ ዋት፣ በ2002 ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ጨመሩ። ይኸው የአባይ ወንዝ የድሮውን የእስቴ ወረዳ በደቡብ በኩል ታክኮ ያልፋል። ይሁን እንጂ የወረዳው ከተማ የመካነ ኢየሱስ ሰው ወንዙ በአገሩ ጠርዝ ስላለፈ በመብራቱ አስተዳደር ላይ ድምፅ አላገኘም፤ ትራንስፎርመር ሲቃጠል እህል አስፈጪው ከነስልቻው ይመለሳል፣ የሚተካበትም ቀን የሚወሰነው ከከተማዋ ውጭ ነው።

በአሜሪካ ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ። ታላላቆቹ ኩባንያዎች ትርፍ የማያዩባቸው ትናንሽ ከተሞች ከ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በገዛ ገንዘባቸው ማመንጫ እየተከሉ የመብራታቸው ባለቤቶች ሆኑ። ኩባንያዎቹ ግን እነርሱን የሚውጡበትን ቀን ይጠባበቁ ነበርና፣ ብቻውን የቆመ ማዘጋጃ ቤት ጠበቃም፣ መሐንዲስም፣ በሕግ አውጪው ምክር ቤት የሚናገርለትም እንደሌለው ከተሞቹ በጊዜ ተረዱ። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1940 የአሜሪካ የሕዝብ ኤሌክትሪክ ማኅበር ተመሠረተ፤ ዛሬ እርሱ ጠበቃ የሚሆንላቸው በከተማና በማኅበረሰብ የተያዙ ድርጅቶች ወደ 2,000 ይጠጋሉ፤ የነብራስካ ግዛትማ መብራት በሙሉ በሕዝብ እጅ ነው።

ማኅበሩ ራሱ አንዲት አምፑል እንኳ አያበራም። ሥራው በኮንግረስ ፊት መሟገት፣ የመስመር ሠራተኞችን ማሠልጠን፣ የደኅንነት ደንብ ማዘጋጀት ነው። ከሁሉ የሚደነቀው ግን መረዳዳቱ ነው፦ አውሎ ነፋስ የአንዷን ከተማ ምሰሶ ሲጥል፣ ሌላዋ ከተማ ባለሙያዎቿን ከነመኪናቸው ትልካለች፤ ወጪውም አስቀድሞ በተፈረመ ውል ይተካል፤ ልክ እንደኛ እድር፣ ድንኳኑ የሚገዛው ሰው ከመሞቱ በፊት ነው። ብዙዎቹ ከተሞችም ተቧድነው ኃይልን በጅምላ ይገዛሉ። የከተማ ባለቤትነት በራሱ ጽድቅ ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ የመብራቱን ገቢ ለሌላ ጉዳይ አውሎ ሽቦው እስኪበጠስ የሚጠብቅ ምክር ቤት በየትም አገር ይገኛል።

በእኛም አገር በሩ ፈጽሞ አልተዘጋም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የገጠር ኤሌክትሪክ ፈንድ አዋጅ ለግል ባለሀብቶችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ብድር የሚያገኙበትን መንገድ ከፍቷል፤ በ2011 የወጣው ብሔራዊ ዕቅድም ከሕዝቡ 35 በመቶ ያህሉ ከዋናው መስመር ውጭ፣ በፀሐይ ኃይልና በመሰል ዘዴ መብራት እንዲያገኝ አስቦ ነበር። እንግዲህ በየተራራው በየሸለቆው ትናንሽ የመብራት ማኅበራት ቢበዙ፣ የኅብረት ሥራ ሕጉ መሠረታዊ ማኅበራት በዩኒየን እንዲጣመሩ ስለሚፈቅድ፣ የማዳበሪያና የእህል ዩኒየን ለለመደ ገበሬ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ግን መጠባበቂያው ባትሪና ትራንስፎርመር በማን መጋዘን፣ በማንስ ገንዘብ ተገዝቶ ይቀመጣል የሚለው ነው።