ፊልም ወደ ታብሌት ሲጫን፦ የቪዲዮ ፋይል ባሕርይና የዲሬ ሼክ ሁሴን ቅጂዎች



በሮቤም ሆነ በጎባ ወደ ሞባይል ቤት የሚገባ ሰው «ፊልም ጫንልኝ» ይላል። ቃሉ የአጋሰስ ቃል ነው፤ ጫኝ ደግሞ የእንስሳውን ጉልበት ሳይገምት አይጭንም። ስለ ታብሌትም የምናገረው ይህንኑ ነው።

ርእሱን የመረጥሁት ለመዝናኛ ብቻ ብዬ አይደለም። ዲሬ ሼክ ሁሴን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ ጊዜያዊ የቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ሕንፃው ይመዘገባል፤ ምእመናን ባላ በትራቸውን ይዘው እያጨበጨቡ የሚያዜሙት ባህሮ ግን ከቃል ወደ ቃል የሚተላለፍ ነው። የቀድሞ አዝማቾችን ድምፅ የያዘ የቪዲዮ ካሴት በቤቱ ያለው ሰው ማጫወቻው ከተበላሸበት ቆይቷል። ታብሌት ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ ምቹ መመልከቻ ነው። ኔትወርክ አለመኖሩም አያግድም፦ በ2012 እ.ኤ.አ. በወንጪና በወለንጪቲ ለሕፃናት በተሰጡት ታብሌቶች ላይ ፊልሞቹ አስቀድመው ተጭነው ነበር።

አሁን ወደ ፋይሉ እንግባ። «ኤምፒ4» ወይም «ኤምኬቪ» የሚለው ቅጥያ የአገልግሉ ስም እንጂ የምግቡ አይደለም። በውስጡ ምስሉ፣ ድምፁና የግርጌ ጽሑፉ ለየብቻ ተቀምጠዋል፤ ምስሉና ድምፁም ኮዴክ በሚባል ስልት ታምቀዋል። ታብሌቱ ምስሉን እያሳየ ድምፁን የሚነፍገን አገልግሉን ከፍቶ ከምግቡ አንዱን ስለማያውቀው ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የጸደቀውን ኤች.264 ከሞላ ጎደል ሁሉም ታብሌት ያውቀዋል፤ የ2013ቱ ኤች.265 ቦታ ይቆጥባል፣ አሮጌዎቹን ግን ያስጨንቃል። ስለዚህ ምክሬ ኤች.264 ምስል፣ ኤኤሲ ድምፅ፣ በኤምፒ4 ውስጥ ነው። ሃንድብሬክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ይሠራል። ከካሴት የመጣ ምስል የጎዶሎና የሙሉ ቁጥር መስመሮቹ በተለያየ ቅጽበት የተቀረጹ ስለሆኑ የሚያጨበጭብ እጅ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰነጣጥቆ ይታያል፤ «ዲኢንተርሌስ» የሚለውን ምርጫ መክፈት ይህን ያስተካክላል።

የመጠኑ ስሌት ቀላል ነው። በሰከንድ 6 ሜጋቢት የሚወስድ የሁለት ሰዓት ፊልም 5.4 ጊጋባይት ይሆናል፤ ወደ 1.5 ሜጋቢት ቢወርድ 1.35 ጊጋባይት ገደማ ነው። ድምፁስ? በሰከንድ 128 ኪሎቢት ቢሰጠው ለሁለቱ ሰዓት 115 ሜጋባይት ብቻ ይፈጃል። ቦታ ሲጠብ ሰው ሁሉን እኩል ይቀንሳል፤ በባህሮ ቅጂ ላይ ይህ ጥፋት ነው እላለሁ። ምስሉ ቢደበዝዝ ሽማግሌው ማን እንደ ቆመ ይለያል፣ ድምፁ ከተበላሸ ግን ግጥሙ ጠፋ ማለት ነው። ከምስሉ ይቀነስ፣ ድምፁ አይነካ።

እያንዳንዱ ማመቅ የማይመለስ ዝርዝር ይጥላል። ስለዚህም ከካሴቱ በመጀመሪያ የተቀዳው ትልቁ ፋይል ሳይነካ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች፣ ቢቻል በሁለት ቤት ይቀመጥ፤ ታብሌቱ የሚሸከመው ቅጂውን ነው። በቴሌግራም ስንልክም «እንደ ፋይል» ብለን ካልላክን ዳግም ሊታመቅ ይችላል። (ባለቤቱን ወይም አዝማቹን ሳያስፈቅዱ ማሰራጨት ሌላ ጉዳይ ነው፤ የጸሎት ቦታ መሆኑ አይዘንጋ።)

ማጓጓዣው ሚሞሪ ካርድ፣ ወይም ካርድ ለማይቀበል ታብሌት በኦቲጂ ገመድ የሚሰካ ፍላሽ ነው። ካርዱ ባዶ ሆኖ ሳለ ፋይሉን «አልቀበልም» ካለ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ፋት32 የተባለው አደረጃጀት ነው። የፋይሉን መጠን በ32 ቢት ስለሚጽፍ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል መያዝ አይችልም። መፍትሔው ፋይሉን ማሳነስ ወይም ካርዱን በኤክስፋት ፎርማት ማድረግ ነው። ፎርማት ማድረግ በካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ ግን ለሞባይል ቤቱ ልጅ አስቀድሞ ማሳሰብ ይገባል፤ የቤተሰቡ ፎቶግራፍም እዚያው ሊሆን ይችላል። አሮጌ ታብሌቶች ኤክስፋትን ላያነቡ ስለሚችሉ እኔ ማሳነሱን አስቀድማለሁ።

ባህሮው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ የአማርኛ የግርጌ ትርጉም የሚያዘጋጁ ተማሪዎች አሉ፤ እነርሱን ከሁሉ ይልቅ የሚያደክማቸው ፊደላችን በባዶ አራት ማዕዘን ወይም በእንግዳ ምልክት ተለውጦ መውጣቱ ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ስልት የተተየበ ጽሑፍ የራሱ ፎንት ከሌለ አይነበብም። ጽሑፉ በዩኒኮድ ተተይቦ «ዩቲኤፍ-8» ተብሎ ይቀመጥ፤ የፋይሉ ስም ከቅጥያው በቀር ከፊልሙ ስም ጋር አንድ ይሁን፤ በአንድ ፎልደር ውስጥም ይደር። ቪኤልሲ ማጫወቻ ያን ጊዜ በራሱ ያገኘዋል።

ወደ ዲሬ ከመነሳታችሁ በፊት እዚሁ ሮቤ ሳላችሁ የታብሌቱን ኔትወርክ አጥፉና ፊልሙን ከመጀመሪያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው ከፍታችሁ እዩት። በቅጂ ላይ የተቋረጠ ፋይል ብዙ ጊዜ መጀመሪያው ደኅና ነው።